ከደቡብ ለሚመጣ ሰው የተቀረጸ

እናቴ ልቡ አልራራ ያለ ሰው ሲገጥማት «ፈርዖን!» ትለዋለች። ሌላ ማብራሪያ አትጨምርም። ለእሷ ፈርዖን አንድ ሰው ነው። ልቡን ያደነደነ፣ ሕዝቡን አልለቅም ያለ፣ መጨረሻው ባሕር የሆነ። እኔም ለብዙ ዓመታት ከዚህ ያለፈ አላውቅም ነበር። ኦሪት ዘፀአት የንጉሡን ስም አይነግረንም። የሚነግረን የከተማ ስም ነው። እስራኤላውያን ለፈርዖን ከሠሯቸው ሁለት ከተሞች አንዱ ራምሴ ይባላል። ራምሴ ደግሞ የንጉሥ ስም ነው።

በዚህ ስም ከተጠሩት ነገሥታት ትልቁ ዳግማዊ ራምሴስ ነው። ግብፅን 66 ዓመት ገዛ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1279 እስከ 1213 ድረስ። በዘመኑ ተወልደው፣ ወልደው፣ አርጅተው የሞቱ ሰዎች ሌላ ንጉሥ ሳያዩ ነው የሄዱት። በዚያ ሁሉ ዓመት ከዴልታው ረግረግ እስከ ሱዳን በረሃ ድረስ ድንጋይ አስጠረበ። ከድንጋዮቹ ሁሉ እኔን የያዘኝ በዛሬዋ ግብፅ ደቡብ ጫፍ፣ አቡ ሲምበል ያለው ቤተ መቅደስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሄጄ አይቼው መጣሁ። እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

ከአስዋን የተነሳነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። መንገዱ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራና ቀኙ አሸዋ ብቻ። ሹፌሩ ጠቆር ያለ፣ ጸጉሩ የነጣ ኑቢያዊ አባት ነበር። ዐረብ አገር በሠራሁባቸው ዓመታት የለመድኳት ዐረብኛ እዚህ ጠቀመችኝ። ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። «ሐበሺ ነኝ» አልኩት። ወደ እኔ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። «ልጄ፣ አንድ ውሃ ጠጥተን ነው ያደግነው። እናንተ ቀድማችሁ፣ እኛ ቀጥለን» አለኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ «ያ ኢብኒ» እያለ ነው ያወራኝ።

ቦታው ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የሚታይህ ተራ ኮረብታ ነው። ከኋላው ነው የምትመጣው። ኮረብታውን ዞረህ ሐይቁ ፊት ለፊትህ ሲከፈት ነው ድንገት አራቱን የምታያቸው። አራት የተቀመጡ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው 20 ሜትር ቁመት፣ ከአንድ ተራራ ገደል ተፈልፍለው የወጡ። ላሊበላን ያየ ሰው ዐለት እንዴት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ ሕንፃ እንደሚሆን ያውቃል። እዚህ ግን ዐለቱ የተፈለፈለው ከፊት ለፊት ወደ ውስጥ ነው። አራቱም አንድ ሰው ናቸው። አራቱም ራምሴስ ናቸው። ከግራ ሁለተኛው ከወገቡ በላይ የለም። በጥንት ዘመን የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለውና ጭንቅላቱና ደረቱ እግሩ ሥር ተዘርግተዋል። ጆሮው ብቻውን አንድ ሜትር ያህላል።

ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ፎቶ ያነሳል። እኔም አነሳሁ። ከዚያ ዓይኔን ዝቅ አደረግኩ።

በንጉሡ እግሮች መካከልና አጠገብ ትንንሽ ሰዎች ቆመዋል። እናቱ፣ ሚስቱ ነፈርታሪ፣ ልጆቹ። ጉልበቱ ላይ እንኳን አይደርሱም። ከእነሱም በታች፣ መግቢያው ግራና ቀኝ፣ ዙፋኑ ያረፈበት ድንጋይ ላይ ምርኮኞች ተቀርጸዋል። ተንበርክከዋል። በአንድ ገመድ አንገት ለአንገት ተያይዘዋል። ክንዳቸው ወደ ኋላ ነው።

አማርኛችን ለዚህ አስተሳሰር ቃል አለው። ሁለቱ ክንዶች ከክርን በላይ ወደ ኋላ ተጎትተው ሲታሰሩ የፊጥኝ ይባላል። የፊጥኝ የታሰረ ሰው ደረቱ ወደ ፊት ይወጣል፣ ትከሻው ሊገነጠል ይደርሳል። ቀራጩ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። የትከሻው መጠማዘዝ፣ የደረቱ መወጠር ልክ ነው። ይህን ሥቃይ ከቅርብ ያየ እጅ ነው የቀረጸው ብዬ አምናለሁ።

በግራ በኩል፣ ማለትም በደቡብ በኩል ያሉት ኑቢያውያን ናቸው። በቀኝ፣ በሰሜን በኩል ያሉት ደግሞ ጺማቸው የረዘመ የእስያ ሰዎች። ቀራጩ ምድሩን አልሳተም፤ የደቡብ ሰው በደቡብ፣ የሰሜን ሰው በሰሜን ታስሯል። እኔ በደቡቦቹ ፊት ለፊት ቆሜ ቀረሁ። ጸጉራቸው አጭርና ጥቅልል ነው። ጆሯቸው ላይ ወፍራም ቀለበት አለ። ጉንጫቸው ላይ የጥላው አወዳደቅ የአጎቴን ፊት አስታወሰኝ። ይህን ስጽፍ እንኳን ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

አቡ ሲምበል የግብፅ አገር አልነበረም። የጥንቷ ግብፅ የደቡብ በር አስዋን ነው፤ ወንዙ በዐለት የሚቆራረጥበት የመጀመሪያው ፏፏቴ። ከዚያ ወደ ላይ ያለው የኑቢያ፣ የኩሽ ምድር ነው። ግብፆች በጦር ያዙት፤ የሚያስተዳድረውንም ሹም «የኩሽ ንጉሣዊ ልጅ» ብለው ሾሙ። በኛ አነጋገር እንደራሴ ማለት ነው። ራምሴስ በዚህ በተያዘ ምድር ላይ ቤተ መቅደስ ደረደረ። ቤት ኤል ዋሊ፣ ገርፍ ሑሴን፣ ዋዲ ኤስ ሰቡዓ፣ ደር፣ አቡ ሲምበል። ከደቡብ በጀልባ ቁልቁል የሚወርድ ኑቢያዊ የአገሩን እህል ወይም ወርቅ ጭኖ ሲመጣ እነዚያን አራት ፊቶች ያያል። ቀረብ ካለ ደግሞ የራሱን ሰው ታስሮ ያየዋል። ማንበብ አያስፈልገውም።

ነገሩ የወርቅ ነው። በኑቢያ በረሃ ውስጥ ወርቅ ነበር። ራምሴስ በነገሠ በ3ኛው ዓመት የተጻፈ አንድ ድንጋይ አለ፤ ኩባን ከሚባል ቦታ የተገኘና ዛሬ ፈረንሳይ አገር ግሬኖብል ሙዚየም ያለ። ድንጋዩ ስለ ወርቁ መንገድ ይናገራል። ወደዚያ ከሚላኩት ወርቅ አጣቢዎች በሕይወት የሚደርሱት እኩሌቶቹ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ከነአህዮቻቸው በመንገድ ላይ በውሃ ጥም ይሞታሉ ይላል። የራምሴስ አባት ቀዳማዊ ሴቲ 120 ክንድ ጉድጓድ አስቆፍሮ ውሃ አላገኘም ነበር። ልጁ ሲያስቆፍር ግን በ12 ክንድ ውሃ ተገኘ።

ድንጋዩ የቆመው ለምስጋና ነው። ንጉሡ ውሃን ከምድር አወጣ፣ አማልክት ይሰሙታል፣ ነው የሚለው። እኔ ግን ያችን አንዲት ዐረፍተ ነገር አልፌ መሄድ አልቻልኩም። እኩሌቶቹ ሞቱ። ስማቸው የለም። ከነአህዮቻቸው መባሉ ደግሞ ልብ ይሰብራል፤ ምክንያቱም የጻፈው ሰው ለአህያዎቹም ቆጥሯል።

ወደ ውስጥ ገባሁ። የመጀመሪያው አዳራሽ ውስጥ ስምንት የራምሴስ ሐውልቶች ግራና ቀኝ ቆመዋል። የሰሜኑ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጦርነት ነው፤ የቃዴስ ጦርነት።

ይህን ታሪክ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። በ5ኛ የንግሥ ዓመቱ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1274 ገደማ፣ ራምሴስ አራት ክፍለ ጦር ይዞ ወደ ሶርያ ዘመተ። ክፍለ ጦሮቹ በአማልክት ስም ይጠሩ ነበር፤ አሙን፣ ራ፣ ፕታህ፣ ሴት። ጠላቱ የኬጢያውያን ንጉሥ ሙዋታሊ ነው። ኬጢያውያን ስትል ለአብርሃም የመቃብር ቦታ የሸጡለት ኬጢያውያን ትዝ ይሉሃል፤ እነዚህ ግን ዛሬ ቱርክ ከምንለው አገር የተነሱ ታላቅ መንግሥት ናቸው። ቃዴስ አቅራቢያ ሁለት ዘላኖች መጡና ሙዋታሊ ፈርቶ ሩቅ፣ ሐለብ አካባቢ ነው ያለው አሉት። ንጉሡ አመናቸው። ከአንዱ ክፍለ ጦር ጋር ብቻ ቀድሞ ሄዶ ሰፈረ። ዘላኖቹ የተላኩ ነበሩ። ሙዋታሊ ከከተማው ጀርባ ተደብቆ ቁጭ ብሏል።

እውነቱ የወጣው ሁለት የጠላት ሰላዮች ተይዘው ሲደበደቡ ነው። ድብደባው ግድግዳው ላይ አለ። ሰዎቹን ይዘው በዱላ ሲደበድቧቸው በግልጽ ይታያል። ግን ረፍዷል። የኬጢያውያን ሠረገሎች መንገድ ላይ የነበረውን የራን ክፍለ ጦር በታትነው ሰፈሩ ውስጥ ገቡ። በግድግዳው ላይ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ሰው ነው። ራምሴስ ብቻውን በሠረገላ፣ የፈረሶቹ ልጓም ወገቡ ላይ ታስሮ፣ ቀስቱን ስቦ። ጽሑፉ ወታደሮቼ ጥለውኝ ሸሹ፣ ወደ አምላኬ አሙን ጮህኩ፣ እሱም ሰማኝ ይላል። በእርግጥ ያዳነው ሌላም ነገር ነበር፤ ከባሕሩ በኩል የመጣ ረዳት ጦር በሰዓቱ ደረሰለት።

ማን አሸነፈ? ማንም። ቃዴስ በኬጢያውያን እጅ ቀረች። ራምሴስ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ይህንን ጦርነት በአቡ ሲምበል፣ በሉክሶር፣ በካርናክ፣ በአቢዶስና በራሱ የመታሰቢያ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ አስቀረጸው። ግንባሩ ከአቡ ሲምበል ምን ያህል እንደሚርቅ አስቡት። ኑቢያዊው ቃዴስን በሕይወቱ አያያትም። ሶርያ የት እንዳለች እንኳን ላያውቅ ይችላል። የሚያየው ንጉሡ በሩቅ አገር ሺህ ሠረገላ ብቻውን ሲበትን ነው። እዚህ ያለው ሰው ሊያጣራው የማይችለው ድል ነው የተነገረው። የዚህ ቤተ መቅደስ ኃይል ትልቁ ክፍል እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ግዙፍነቱ ዓይንን ይይዛል። ልብን የሚይዘው ግን ወሬው ነው።

ከጦርነቱ 15 ዓመት ገደማ በኋላ ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ። ስምምነቱ በግብፆች ቋንቋና በዘመኑ ነገሥታት በሚጻጻፉበት በአካድኛ ተጽፎ እስከ ዛሬ አለ። ራምሴስም የኬጢያውያንን ንጉሥ ልጅ አገባ። የጋብቻው ጽሑፍ እዚያው አቡ ሲምበል፣ ከፊት ለፊቱ ገጽ በስተደቡብ ዐለቱ ላይ ተቀርጿል። ትናንት ተራግጠው የሄዱ ጠላቶች ውጭ አማች ሆነዋል፣ ውስጥ ገና ይታረዳሉ። ግድግዳውን ያነሳው የለም።

መጨረሻ ላይ ያለው ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ምስሎች ተቀምጠዋል። ሦስቱ አማልክት ናቸው፤ ፕታህ፣ አሙን ራ፣ ራ ሐራክቲ። አራተኛው ራምሴስ ራሱ ነው። በሕይወት እያለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በጥቅምት ወር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ22ኛው ቀን፣ የጠዋት ፀሐይ 60 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ዘልቃ ፊታቸውን ታበራለች። ፕታህ ብቻ በጨለማ ይቀራል። እኔ በሄድኩበት ቀን ፀሐይዋ አልገባችም። ግድግዳዎቹ ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ። ራምሴስ አጎንብሶ ለአምላክ መሥዋዕት ያቀርባል፤ አምላኩም ራምሴስ ነው። እናቴ ይህን ብታይ ምን እንደምትል አውቃለሁ።

ከአቡ ሲምበል ወደ ሰሜን ስላለው ዋዲ ኤስ ሰቡዓ አንድ ነገር ልጨምር። እሱን ያሠራው እንደራሴው ሴታው ነው። እዚያው የተገኘ በ44ኛው የንግሥ ዓመት የተጻፈ ጽሑፍ ሠራተኞቹ ከየት እንደመጡ ሳይደብቅ ይናገራል። ከምዕራቡ በረሃ ሰዎች ተማርከው እንዲመጡና ቤተ መቅደሱን እንዲሠሩ ንጉሡ አዘዘ ይላል። የግዳጅ ሥራ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ በድንጋይ ላይ የሚጻፍ ኩራት ነበር። ብዙ መቶ ዓመታት አለፉና ኑቢያ ክርስቲያን ሆነች። ያንን ቤተ መቅደስ ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። የአማልክቱን ቦታ ለስነው ቅዱስ ጴጥሮስን ሳሉበት። በኋላ ልስኑ ከዳር ዳር ሲረግፍ የድሮው ራምሴስ ብቅ አለ። ዛሬ ፈርዖን ለቅዱስ ጴጥሮስ አበባ ሲያበረክት ይታያል። ማንም አስቦ ያላደረገው ነገር ነው፤ ልጅ እያለሁ ቢነግሩኝ ተአምር ብዬ እቀበለው ነበር።

ኑቢያም ታስራ አልቀረችም። ከራምሴስ 500 ዓመት ያህል በኋላ የኩሽ ንጉሥ ፒዬ ከደቡብ ወርዶ ግብፅን ያዘ። ከጀበል በርካል ነው የተነሳው፤ ራምሴስ ራሱ ያስፋፋው ቤተ መቅደስ ባለበት፣ በኑቢያ ምድር ካለ ተራራ። ከዘሩ የወጣውን ታሃርቃን መጽሐፍ ቅዱሳችን ያውቀዋል፤ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» ይለዋል። ያ ኢትዮጵያ የሚለው ስም የኩሽን ምድር እንደሚያመለክት ሁላችንም ልብ ብንል ጥሩ ነበር፤ ይህን የማነሳው ዝምድናውን ለመካድ አይደለም፤ ኑቢያውያን የራሳቸው የሆነውን ታሪክ እንዳንቀማቸው ነው።

ከዚያ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ593 ገደማ ፈርዖን ዳግማዊ ፕሳምቲክ ጦሩን ወደ ኩሽ ላከ። ጦሩ ውስጥ ቅጥር የግሪክ ወታደሮች ነበሩ። በአቡ ሲምበል ሲያልፉ ቆሙና ከመግቢያው በስተደቡብ ባለው በተሰበረው ሐውልት እግር ላይ ስማቸውን ጫሩ። ጭረቱ አሁንም አለ። ራምሴስ ስሙን ለመቅረጽ ምን ያህል እንደተጨነቀ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እሱ የሌሎች ነገሥታትን ሐውልት ወስዶ የራሱን ስም የጻፈ ሰው ነው። የራሱን ስም ደግሞ ጣት እስኪገባበት ድረስ ጠልቆ እንዲቀረጽ ያደርግ ነበር፤ ጥልቅ ጽሑፍ በፀሐይ ጥላ ይይዛል፣ ለመፋቅም ያስቸግራል። ተራ ወታደሮች ግን እግሩን እንደ ሰሌዳ ተጠቀሙበት።

ስወጣ ፀሐዩ ከርሮ ነበር። ሹፌሩ ጥላ ሥር ሻይ ይዞ ጠበቀኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሐይቁ ፊት ለፊታችን ነው። ሰማያዊ፣ ዝም ያለ፣ ማዶው የራቀ።

ይህ ሐይቅ የተፈጠረው በአስዋን ትልቁ ግድብ ነው። ውሃው ሲነሳ ቤተ መቅደሱን ሊውጠው ነበር። በዩኔስኮ አስተባባሪነት ከእ.ኤ.አ. 1964 እስከ 1968 ድረስ ተራራውን ከነሐውልቱ ቆራርጠው አነሱት። ከ1,000 በላይ ቁራጮች፣ አንዳንዱ 30 ቶን። እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠው። 65 ሜትር ወደ ላይ፣ 200 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወስደው መልሰው ገጣጠሙት። ከኋላ ያየሁት ኮረብታ በውስጡ የሲሚንቶ ጉልላት ነው። የወደቀውን ጭንቅላት እንኳን ልክ ወድቆ በነበረበት አኳኋን ነው መልሰው ያስቀመጡት። 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ። በእጅ ሥራ ደረጃ ከራምሴስ ጠራቢዎች የሚያንስ አይደለም፤ ባርኔጣዬን አውልቄ አመሰግናቸዋለሁ።

በዚያው ጊዜ በግብፅ በኩል ብቻ 50,000 ያህል ኑቢያውያን ከመንደራቸው ተነስተው ኮም ኦምቦ አካባቢ ወደተሠሩላቸው ሰፈሮች ተወሰዱ። በሱዳን በኩል ደግሞ የዋዲ ሐልፋ ሰዎች ርቀው ወደ ሱዳን ምሥራቅ፣ ኸሽም ኤል ጊርባ ድረስ ሄዱ፤ የኛ ተከዜ ውሃ በሚደርስበት በአትባራ ወንዝ ዳር።

ሹፌሩን ስንት ዓመቱ እንደነበር ጠየቅኩት።

«ሰባት» አለ። «መርከቡ ላይ ስንወጣ ሴቶቹ የቤቱን ግድግዳ ይስሙ ነበር። እኔ የማስታውሰው ውሻችንን ነው። ውሻ አይሳፈርም አሉ።»

ሻዩን ጠጣ። ከዚያ በአገጩ ወደ ውሃው አመለከተ።

«ቤታችን በር ላይ ሰሃኖች ነበሩ። ግድግዳው ገና እርጥብ ሳለ ነው የሚተከሉት። አባቴ ከካይሮ ያመጣቸው፣ አበባ ያለባቸው። አምስት ነበሩ።»

«ይዛችሁ ሄዳችሁ?»

«እናቴ በቢላዋ ልትነቅላቸው ሞከረች። አራቱ ተሰበሩ።»

«አምስተኛውስ?»

«ኮም ኦምቦ፣ የታላቅ እህቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ» አለኝ፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።